ማታ ምን ይሠራ? ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ፓስታ ወይስ ሩዝ

ድሬዳዋ ላይ ሥራ ውሎ ቤቱ የሚገባ ሰው ማታ ሁለት ነገር ያስባል። ምን ልሥራ? ምድጃው አጠገብስ ስንት ደቂቃ ልቁም? ደጋ አገር ሁለተኛው ጥያቄ አይነሳም። ብርድ ሲሆን እሳት ዳር መቆም ይወደዳል። እዚህ ግን በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ግድግዳው እንደጋለ ያመሻል። ጠባብ ኩሽና ውስጥ ቆሞ ሽንኩርት ማማሰል ከቀኑ ሥራ ይከብዳል።

እኔ ሥራዬ ከዚራ፣ ቤቴ ሳቢያን ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ግድም በሩን ስከፍት መጀመሪያ የምሰማው "እማዬ፣ ራት ምንድነው?" የሚለውን ነው። ለዓመታት ይህን ጥያቄ በየቀኑ እንደ አዲስ ስመልስ ኖሬያለሁ። አሁን ምርጫዬ ወደ ጥቂት ምግቦች ጠቧል። አንዳቸውም ከአምስት ስድስት ነገር በላይ አይፈልጉም። ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጨው ሰፈር ሱቅ አይጠፉም። የሚለያዩት በሚፈጁት ጊዜና በሚጠይቁት ትኩረት ነው። የትኛው ለየትኛው ማታ እንደሚሆን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ መሶቡን ክፈቱ

ብዙ ሰው ሐሳቡን የሚጀምረው ከወጡ ነው። እኔ ከመሶቡ እጀምራለሁ። እንጀራ ካለ ሽሮ፣ ምስርና ፍርፍር ይወዳደራሉ። እንጀራ ከሌለና ዳቦ ቤቱ ገና ካልዘጋ ተራው የእንቁላልና የፉል ነው። ሁለቱም ከሌሉ ፓስታ ወይ ሩዝ ይሠራል፤ እነሱ ራሳቸውን ችለው ይቀርባሉ። ይህ ተራ ነገር ይመስላል። ግን ሽሮውን ጥዶ እንጀራ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ የዞረ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ቀጥሎ ቀኑን አያለሁ። እኛ ቤት ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። ከአምስቱ የሥራ ቀናት ሁለቱ የጾም ናቸው ማለት ነው። በእነዚህ ቀናት እንቁላል ይወጣል። የቀሩት ሁሉ በዘይት እስከተሠሩ ድረስ ችግር የለባቸውም። ከዚያ በኋላ መብራት አለ ወይስ የለም የሚለው ይመጣል። እሱን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ጊዜውን የሚበላው ሽንኩርት ነው

ሽሮ ቶሎ የሚደርስ ምግብ ነው ይባላል። እኔም እንደዚያ ነበር የማምነው። ታዲያ ራቱ ለምን ሁልጊዜ ይመሻል? አንድ ማታ ሰዓት እያየሁ ሠራሁ። ሦስት ራስ ሽንኩርት ልጦ ለመክተፍ 7 ደቂቃ ሄደ። ሽንኩርቱ እስኪበስል 15 ደቂቃ። በርበሬውና ነጭ ሽንኩርቱ ገብቶ እስኪቁላላ 5 ደቂቃ። ውሃና ሽሮ ከገባ በኋላ ደግሞ 15 ደቂቃ። በድምሩ 42 ደቂቃ ነው። ከዚህ ውስጥ 27ቱ ሽሮ የሚባል ነገር ድስቱ ውስጥ ሳይገባ ያለቀ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግቦቹን የማወዳድረው በሽንኩርታቸው ነው። ሽሮና ምስር ብዙ ሽንኩርት፣ ያውም በደንብ የበሰለ ሽንኩርት ይፈልጋሉ። ፍርፍርም እንደዚያው። እንቁላል አንድ ራስ ይበቃዋል። ፓስታ አንድ ወይም ሁለት። ሩዝ ያለ ሽንኩርትም ይሆናል።

ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ይህን ጣጣ እሁድ መጨረስ ይችላል። እኔ እሁድ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይነሳ፣ አንድ ኪሎ ሽንኩርት አቁላላለሁ። ዘይት፣ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት ቁሌት ይሆናል። ሲበርድ በአራት ዕቃ እከፍለዋለሁ። ሁለቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ሁለቱ በረዶ ቤት ይገባሉ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውን ከሦስት አራት ቀን በላይ አላቆየውም። በዚህ መንገድ የ42 ደቂቃው ሽሮ 15 ደቂቃ ይሆናል። አቦ፣ ይህን ቀደም ብዬ ባውቀው ስንት ማታ ባረፍኩ ነበር!

ማቀዝቀዣ ከሌላችሁ ይህን አትሞክሩት። የድሬ ሙቀት ቁሌት ውጭ አያሳድርም። እናንተ በሥራ ቀን ሽንኩርት ወደማያበዙት ምግቦች አዘንብሉ። ሽሮውን ለቅዳሜ አቆዩት።

ሽሮ ወይስ ምስር?

እንጀራ ባለበት ማታ ዋናው ፉክክር ይኼ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የሽሮ ትልቁ ጥቅም ሁልጊዜ ቤት መኖሩ ነው። ማሰሮ ወይም ጣሳ ውስጥ ተከድኖ ለወራት ይቀመጣል። እህሉ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ ቶሎ ይበስላል። ምጥን ሽሮ ከሆነ ቅመሙም አብሮት አለ። ቁሌት፣ ሽሮ፣ ውሃና ጨው ካላችሁ ራት አላችሁ። ለአራት ሰው አንድ ኩባያ ሽሮ በአራት ኩባያ ውሃ ይበቃል። ወፈር ያለ የምትወዱ ውሃውን ወደ ሦስት ኩባያ አውርዱት።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሽሮውን የፈላ ውሃ ላይ በደረቁ አትነስንሱት። ዱቄቱ ከውጭ ወዲያው ይበስልና ከውስጥ ደረቅ እንደሆነ ይቋጠራል። ቀድማችሁ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት። ከዚያ ወደ ቁሌቱ ጨምሩ። ምንም አይጓጉልም።

ድካሙ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ሽሮ ጥለውት የሚሄዱት ወጥ አይደለም። ካላማሰሉት ሥሩ ያርራል። እሳቱ ከበዛ ይፈናጠራል፤ እጅ ያቃጥላል፣ ግድግዳ ያበላሻል። 15 ደቂቃው ሙሉ ቆማችሁ የምታሳልፉት ነው።

ምስር ሌላ ነው። ቀዩን የምስር ክክ ማለቴ ነው። ልጣጩ ስለወጣለት መዘፍዘፍ አይፈልግም። ውሃው ከፈላ በኋላ 20 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ድፍን ምስር ግን እስከ 40 ደቂቃ ሊሄድ ስለሚችል ለሥራ ቀን አልመክረውም። ክኩን አጥባችሁ፣ አንድ ኩባያውን በሦስት ኩባያ ውሃ ጥዳችሁ፣ እሳቱን ቀንሳችሁ መሄድ ትችላላችሁ። እኔ ሰውነቴን ታጥቤ፣ ልብስ ቀይሬ ስመለስ ምስሩ ፈርሶ ይጠብቀኛል። ያኔ ቁሌቱን እጨምርበታለሁ። አምስት ደቂቃ አብሮ ይንተክተካል። አለቀ።

ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። ቲማቲም ከገባበት መጨረሻ ላይ ይግባ። የቲማቲም ኮምጣጣነት ጥራጥሬ ቶሎ እንዳይለሰልስ ያደርጋል። ከመጀመሪያው ቲማቲም ውስጥ የተቀቀለ ምስር ግማሽ ሰዓት ቆይቶም ይቆረጠማል።

የኔ ፍርድ ይኼ ነው። በሞቃት ማታ ምስር ይሻላል። በሰዓት ሲለካ ከሽሮ ረዘም ይላል፤ እናንተ እሳት ዳር የምትቆሙበት ጊዜ ግን አጭር ነው። በማጥገብም ምስር አያሳፍርም። ደረቁ ምስር በ100 ግራም ወደ 24 ግራም ፕሮቲን አለው። ቤት ውስጥ ምንም በሌለበት፣ ቁሌቱም ባለቀበት ማታ ግን ሽሮን የሚተካው የለም። ሁለት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርትና አንድ ራስ ሽንኩርት ብቻ ተቁላልቶለትም ይጣፍጣል።

በርበሬ የማይችል ትንሽ ልጅ ካለ ምስሩ አሁንም ያሸንፋል። ከተቀቀለው ላይ ሁለት ጭልፋ ለብቻ አውጡ። ትንሽ እርድ፣ ጨውና ዘይት ጨምሩበት። ከአንድ ድስት ቀይም አልጫም ወጣ ማለት ነው።

ሐረር ላላችሁ አንድ ማስታወሻ። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል። ድሬ ላይ በ96 ዲግሪ ገደማ፣ ሐረር ላይ በ94 ገደማ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ጥራጥሬ ላይ ይታያል። እዚህ የጻፍኩትን ደቂቃ ሐረር ላይ ትንሽ ጨምሩበት። በምላሹ እናንተ ዘንድ ኩሽና ውስጥ መቆም እንደ እኛ አያቃጥልም። ሽሮና ምስር ሐረር ላይ እኩል ለእኩል ቢወዳደሩ አይገርመኝም።

ሐረር ካነሳሁ ሁልበትን ሳልጠቅስ አላልፍም። የአደሬ ቤቶች የአብሽ ዱቄት ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፋሉ። መራራውን ውሃ ደፍተው ነጭ አረፋ እስኪሆን ይመቱታል። መረቅ ላይ ሲደረግ ልዩ ነው። እኔ ከሱ አንድ ማንኪያ ትኩስ ምስር ላይ ጣል አድርጌ እበላለሁ። ደንቡ ይኼ ላይሆን ይችላል። ግን ከጠዋት የተዘፈዘፈ አብሽ ካለ ተራውን ምስር የእንግዳ ያደርገዋል።

ፍርፍር

የድሬ አየር ደረቅና ሞቃት ነው። ከሳምንቱ የተረፈ እንጀራ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ቶሎ ይደርቃል። ድርቆሹ በደንብ ከደረቀና እርጥበት ካልነካው ማቀዝቀዣ ሳይፈልግ ይቆያል። ቁሌቱን በውሃ ቀጠን አድርጎ አፍልቶ ድርቆሹን መጨመር ነው። አሥር ደቂቃ አይሞላም። ቁሌት ላለው ሰው ከሁሉ ፈጣኑ ይኼ ነው። ልጆች ግን በሳምንት ከአንድ ቀን በላይ አይወዱትም። የኔዎቹ ቢያንስ።

ዳቦ ካለ እንቁላል ወይስ ፉል?

ፉል ከቤት ይልቅ የቁርስ ቤት ምግብ ነው። ደረቁ ባቄላ ሌሊቱን መዘፍዘፍ፣ ከዚያ ደግሞ ረጅም ሰዓት መቀቀል አለበት። በሥራ ቀን ማታ ከባዶ መጀመር አይታሰብም። እሁድ ቀቅላችሁ በረዶ ቤት ካስገባችሁት፣ ወይም የታሸገውን ከገዛችሁ፣ ነገሩ ይቀየራል። ያኔ ማሞቅ፣ መፍጨት፣ ዘይት፣ ከሙን፣ ቃሪያና ሎሚ ነው። ለጾም ቀን ጥሩ ነው። እኔ ግን ብዙ አልሠራውም።

እንቁላል ስልስ ላይ ግን እምነት አለኝ። አንድ ሽንኩርት፣ ሦስት የበሰለ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ትንሽ በርበሬ። ቲማቲሙ ውሃውን እስኪመጥ አሥር ደቂቃ ይሄዳል። ከዚያ አራት ወይም አምስት እንቁላል ሰብራችሁ ትጨምራላችሁ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። እንቁላሉ ሳይደርቅ አውርዱት፤ ድስቱ ውስጥ ባለው ሙቀት ቀሪውን ይጨርሳል። ትኩስ ዳቦ ይዛችሁ ከድስቱ ላይ እየጠቀሳችሁ ስትበሉ የምሽቱ ድካም ይረሳል።

ችግሩ ዋጋው ነው። እንቁላል ረክሶ አያውቅም። ለስድስት ሰባት ሰው ቤት ደግሞ አይበረክትም። ለሁለት፣ ለሦስት ሰው ግን ከሁሉም በፊት የምመርጠው እሱን ነው።

ፓስታ ወይስ ሩዝ?

ድሬ በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተወለደች ከተማ ናት። የጅቡቲ መስመር ላይ ስላለች ሩዝና ፓስታ እዚህ የበዓል ምግብ አይደሉም፤ የዘወትር ናቸው። የደቻቱን ወንዝ ተሻግራችሁ ወደ ቀፊራ ገበያ ወይም ወደ መጋላ ብትሄዱ ሩዙ በየዓይነቱ፣ ቅመሙም በየክምሩ አለ። ስለዚህ እንጀራ ያለቀበት ማታ እንደ ችግር መታየት የለበትም።

ፓስታን ብዙ ሰው በሁለት ድስት ይሠራል። አንዱ ለመቀቀያ፣ ሌላው ለሱጎ። እኔ አንድ ድስት ብቻ ነው የምጠቀመው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቲማቲም ትንሽ ሲበስል ለ500 ግራም ፓስታ አንድ ሊትር ተኩል ያህል የፈላ ውሃና ጨው እጨምራለሁ። ፓስታውን ለሁለት ሰብሬ እከተዋለሁ። ከ10 እስከ 12 ደቂቃ አልፎ አልፎ ማማሰል ነው። የፓስታው ስታርች እዚያው ስለሚቀር ሱጎው ወፈር ብሎ ይይዘዋል። ውሃ የሚደፋ የለም፣ የሚታጠበው ዕቃም አንድ ነው። ውሃ በየቀኑ በማይመጣበት ሰፈር ይኼ ትንሽ ነገር አይደለም። አንድ እሽግ ለአራት ወይም ለአምስት ሰው ይበቃል።

ሩዝ ከፓስታም ያነሰ ነገር ይፈልጋል። ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ አንድ ቁራጭ ቀረፋ፣ ሁለት ፍሬ ሄል። አንድ ኩባያ ሩዝ በሁለት ኩባያ ውሃ። ሲፈላ እሳቱን በጣም ቀንሶ፣ ከድኖ፣ 15 ደቂቃ መተው። አውርዶም ሳይከፍቱ አሥር ደቂቃ ማቆየት።

ይህን ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ናቸው። ትልቅ ሴት ናቸው፣ ሱማሌ። መጀመሪያ ስሠራ አይተው "ልጄ፣ ሩዝ እንደ ገንፎ አይማሰልም። ክዳኑን ግጠሚና ተይው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስናማስለው ፍሬው ይሰባበርና ስታርቹ ወጥቶ ይያያዛል። እሳቸው ሐዋሽ የሚሉትን የተደባለቀ ቅመም ጨምረው፣ ድንች ከትፈው፣ ሲያቀርቡ ሙዝ ጎኑ ላይ ያደርጋሉ። ሩዝን በሙዝ መብላት ለማያውቅ ይገርመው ይሆናል። የቅመሙን ኃይል ያበርደዋል። ልጆቼ አሁን ያለ ሙዝ ሩዝ አይበሉም።

እንግዲህ የትኛው? ጥለውት ለመሄድ ሩዝ ይመቻል። ለማጥገብና ለልጅ አፍ ፓስታ ይቀላል። አጠገቡ ምንም ሳያስፈልገው ሙሉ ራት የሚሆነውም ፓስታ ነው። ሩዝ ደግሞ የትናንቱ ምስር ወይም ትንሽ ቱና ሲጨመርበት ይሞላል።

አንድ ነገር ግን ሩዝን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ እሱም ትራፊው ነው። አንድ ሐሙስ ማታ ለልጆቹ ለዓርብ ምሳ እንዲሆን ብዬ አብዝቼ ሠራሁ። ደክሞኝ ስለነበር ድስቱን ምድጃው ላይ ትቼው ተኛሁ። ጠዋት ስከፍተው ሸተተኝ። ሙሉውን ደፋሁት። በኋላ ነገሩ ከማዘን በላይ እንደሆነ ተረዳሁ። ሩዝ ላይ ባሲለስ ሴረስ የሚባል ባክቴሪያ ይገኛል። ዘሩ ሲቀቀልም አይሞትም። የተቀቀለው ሩዝ ሙቅ ቦታ ሲያድር ይራባና መርዝ ያመነጫል። መርዙ መልሶ በማሞቅ አይጠፋም። ሳይሸትም ሊያስታውክ ይችላል። ስለዚህ የተረፈውን ሩዝ ሰፋ ባለ ሳህን አስጥታችሁ፣ አብርዳችሁ፣ ቢበዛ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ አስገቡት። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ አንድ ሰዓት አታሳልፉት። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ሩዝን ልክ በሚበላው መጠን ብቻ ይሥራ። ይህን የምለው ለሁሉም የበሰለ ምግብ ነው፤ ሩዝ ላይ ግን አጥብቄ እላለሁ።

መብራት የሄደ ዕለት

ከሰል ሲሆን ሒሳቡ ይቀየራል። ፍሙ እስኪያያዝ ብቻ 15፣ 20 ደቂቃ ይሄዳል። መጀመሪያ ኃይለኛ ነው፣ እየቆየ ይበርዳል። ይህ ጠባይ ለሩዝ የተፈጠረ ይመስላል። በኃይለኛው ፍም ይፈላል፣ ፍሙ ሲበርድ ቀስ ብሎ ይበስላል። ትንሽ ፍም ክዳኑ ላይ ማድረግም የታወቀ ነው። ምስርም በከሰል ያምራል። ሽሮ ግን ፍሙ አናት ላይ ሲሆን ቶሎ ያርራል፣ ፍሙን በአመድ ሸፈን ማድረግ ይፈልጋል። ከሰሉን ደጅ ወይም በረንዳ ላይ አያይዙ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ይገድላል፤ ፍሙ ጭስ ያቆመ ሲመስልም አደጋው አለ።

እኔ መብራት በሄደ ማታ ፍሙ እስኪደርስ በረንዳው ላይ ተቀምጬ የምስሩን ጠጠር እለቅማለሁ። ምስሩን እጥዳለሁ። ምስሩ ሲወርድ በተረፈው ፍም ላይ ሩዙን እጥዳለሁ። ከጎረቤቴ በረንዳ ተመሳሳይ የሄል ሽታ ይመጣል። እሳቸውም ሩዝ ጥደዋል ማለት ነው። ልጄ ሙዝ ልትጠይቃቸው በአጥሩ በኩል ትጣራለች።